ቴሌግራም ይሠራል፣ ክሮም ግን አንድም ገጽ አይከፍትም

ጥያቄ፦

«ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ፤ የምኖረው አዳማ ነው። ቤታችን ያለው ኮምፒውተር ልጄ ያገለገለ ገዝቶ ያመጣልን ዴስክቶፕ ሲሆን የተጫነበት ዊንዶውስ 10 ነው። በቅርቡ መብራት ደጋግሞ ከጠፋ ወዲህ ሳበራው መጀመሪያ ጥቁር ስክሪን ላይ እንግሊዝኛ ያወጣና ‹ኤፍ 1 ተጫኑ› ይላል። ስጫነው ይከፈታል። ቀኑ ተዛብቶ ስለማገኘው ግድግዳ ላይ ካለው ካላንደር እያየሁ አስተካክለዋለሁ። ቴሌግራም ደህና ይሠራል፤ ጀርመን ካለችው ልጄ ጋር በየቀኑ እንጻጻፋለን። ክሮም ግን ጉግልንም ዩቲዩብንም አልከፍትም ብሏል፤ ስለ ‹ፕራይቬት ኮኔክሽን› የሚያወራ ረጅም ጽሑፍ ያመጣል። ስልኬ በዚያው ዋይፋይ ሁሉንም ይከፍታል። ያየልኝ ባለሙያ ‹ቫይረስ ነው፣ ፎርማት መደረግ አለበት፣ ኔትወርክ ካርዱም ሳይቀየር አይቀርም› ብሎኛል። የሟቹ ባለቤቴ ፎቶዎችና ለዓመታት ያዘጋጀሁት የማስተማሪያ ጽሑፍ ያለው እዚያ ነው። የ11ኛ ክፍል ተማሪ የሆነው የልጅ ልጄም የሚያጠናው በእሱ ነው። ታናሹ የ2 ዓመት ልጅ ስለሆነ ኪቦርዱን እየመታ አበላሽቶት ይሆን? ምን ትመክሩኛላችሁ?»

መልስ፦

ውድ መምህርት፣

ከሁሉ በፊት ኮምፒውተሩን ለማንም ለፎርማት እንዳይሰጡ። ይህን ያስቀደምኩት ከደብዳቤዎ ውስጥ በጣም ያሳሰበኝ እሱ ስለሆነ ነው። እንዲህ ያለ ፎርማት ዲስኩን ጠርጎ እንደ አዲስ መጫን ስለሆነ፣ ቀድሞ የሚገለብጥልዎ ሰው ከሌለ የባለቤትዎ ፎቶም፣ የስንት ዓመት ድካምዎም አብሮ ይሄዳል። የጠፋ ፋይል የሚመልሱ ባለሙያዎች አሉ፤ ግን ክፍያው ከባድ ነው፣ ሁሉም ፋይል ይመለሳል ማለትም አይደለም። እርስዎ የዘረዘሩት ምልክት ደግሞ ፎርማት የሚያስደርግ አይደለም። ትንሹ ልጅም ኪቦርድ በመምታት ያበላሸው ነገር የለም፤ በእሱ በኩል ልብዎ ይረፍ።

ኔትወርክ ካርዱም ደህና ነው። ኮምፒውተሩን ሳላየው ይህን ያህል እርግጠኛ የሆንኩት በቴሌግራም ምክንያት ነው። ለልጅዎ የሚጽፉት መልእክት ከኮምፒውተሩ የሚወጣው በዚያው ካርድ በኩል ነው፤ ከዚያ በዋይፋዩ፣ ከዋይፋዩ በመስመሩ አድርጎ ጀርመን ይደርሳል። ካርዱ፣ ራውተሩ ወይም መስመሩ ተበላሽቶ ቢሆን ኖሮ ቴሌግራምም አብሮ ይዘጋ ነበር። ስልክዎ በዚያው ዋይፋይ ሁሉንም መክፈቱም ይህንኑ ያጠናክራል። ኢንተርኔቱ ቤትዎ ደርሷል፣ ኮምፒውተሩም ውስጥ ገብቷል። እምቢ ያለው ክሮም ብቻ ነው፤ እሱም እምቢ ያለበት ምክንያት አለው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን በከንቱ የሚያወጣው እዚህ ጋ ነው። «ኢንተርኔት አልሠራም አለ» ተብሎ ለባለሙያ ይነገራል፣ እሱም የሰማውን ይዞ ሥራ ይጀምራል። «ምንም አይሠራም» እና «ይህ ይሠራል፣ ያ አይሠራም» ግን ለየቅል ናቸው። ምንም የማይሠራ ከሆነ የሚታየው ራውተሩ፣ ኬብሉና የጥቅሉ ቀሪ ሂሳብ ነው። የፋይበር መስመር ያስገባ ሰው ራውተሩ ላይ «ኤልኦኤስ» የሚለው መብራት ቀይ ሆኖ ብልጭ ድርግም ካለ መስመሩ ከውጭ ተቋርጧል ማለት ነውና ኮምፒውተሩን መነካካቱን ትቶ 994 ይደውል። አንዱ ሠርቶ ሌላው እምቢ ሲል ግን ችግሩን ከመንገዱ ላይ ሳይሆን ከራሱ ከኮምፒውተሩ ሴቲንግ ውስጥ መፈለግ ነው።

የእርስዎን ነገር የፈታልኝ እግረ መንገድዎን የጻፉት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ቀኑን ግድግዳ ላይ ካለው ካላንደር እያዩ ያስተካክላሉ። ካላንደርዎ 2018 ይላል፤ እርስዎም 2018 ብለው ሞሉ። ዊንዶውስ ግን ሰዓቱን የሚይዘው በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሆነ 2018 ሲባል የሚገባው የእነሱ 2018 ነው። ስለዚህ ኮምፒውተርዎ አሁን ስምንት ዓመት ያህል ወደኋላ ቀርቷል። እርስዎ ምንም ያጠፉት ነገር የለም፤ ያለንበትን ዓመት በትክክል ነው የነገሩት። ማሽኑ ነው የሚያውቀው አንድ አቆጣጠር ብቻ የሆነው።

ታዲያ የቀን መዛባት ከጉግል ጋር ምን አገናኘው? ዛሬ አብዛኛው ድረ ገጽ የሚከፈተው በተመሰጠረ መንገድ ነው፤ አድራሻው በ«ኤችቲቲፒኤስ» ይጀምራል። ክሮም እንዲህ ያለውን ገጽ ከማሳየቱ በፊት «ማንነትህን አሳየኝ» ብሎ ሰርተፍኬት ይጠይቀዋል። ሰርተፍኬቱን እንደ መታወቂያ ይዩት፤ የባለቤቱ ስም፣ የሰጠው አካል፣ የተሰጠበትና የሚያበቃበት ቀን ተጽፎበታል። ዛሬ 2018 ነው ብሎ የሚያምን የበር ጥበቃ 2026 ላይ የተሰጠ መታወቂያ ቢያሳዩት፣ «ይህ ገና ያልተሰጠ ነው፣ ሐሰተኛ ነው» ብሎ ይመልስዎታል። ክሮምም ጉግልን እንዲሁ እየመለሰው ነው። ደግሞ በያዘው ቀን ከሄድን ትክክል ነው።

ድሮ እነዚህ ሰርተፍኬቶች ለዓመታት የሚያገለግሉ ስለነበሩ የኮምፒውተር ሰዓት ጥቂት ወር ቢዛባ ብዙም አይታወቅም ነበር። ከሴፕቴምበር 2020 ጀምሮ ግን የአንድ ሰርተፍኬት ዕድሜ ከ398 ቀን እንዳይበልጥ ተደረገ፤ ከማርች 15 ቀን 2026 ጀምሮ ጣሪያው ወደ 200 ቀን ወርዷል፤ በ2029 ደግሞ 47 ቀን ብቻ እንዲሆን ተወስኗል። አሁንም ቢሆን ብዙ ድረ ገጾች የ90 ቀን ሰርተፍኬት ነው የሚጠቀሙት። ስለዚህ ከዚህ በኋላ የተዛባ ሰዓት ያለው ኮምፒውተር ኢንተርኔት ላይ የሚያልፍለት ነገር እያነሰ ይሄዳል። ቴሌግራም የተረፈው ከሰርቨሮቹ ጋር የሚነጋገርበት የራሱ ዘዴ ስላለው ነው፤ የቤትዎ ሰዓት ቢዛባ እንኳ ከሰርቨሩ ሰዓት ጋር ራሱን ያስማማል።

አሁን ክሮምን ይክፈቱና ያንን ረጅም ጽሑፍ ተረጋግተው ያንብቡት። እርስዎ መምህርት ነዎት፣ የልጅ ልጅዎም የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ እንግሊዝኛው ለሁለታችሁም አይከብድም። ከላይ በትልቁ «ሰዓትዎ ወደኋላ ቀርቷል» የሚል ታገኛላችሁ። ከሥሩ ደግሞ «የኮምፒውተርዎ ቀንና ሰዓት ትክክል ስላልሆነ ከዚህ ገጽ ጋር የግል ግንኙነት መፍጠር አልተቻለም» ይላል፤ መሐል ላይ ኮምፒውተሩ ዛሬ ነው ብሎ የያዘውን ቀን ከነዓመቱ ይጽፈዋል። «ፕራይቬት ኮኔክሽን» ያሉት ቃል የመጣው ከዚህ ነው። አንዳንድ ጊዜ በምትኩ ቀይ ሦስት ማዕዘን ያለበት ገጽ ይመጣና ግርጌው ላይ በግራጫ ቀለም «ሰርት»፣ «ዴት»፣ «ኢንቫሊድ» የሚሉ ቃላት የተቀጣጠሉበት ኮድ ይታያል። ያም ትርጉሙ ያው ነው፤ የሰርተፍኬቱ ቀን አልተስማማም ማለት ነው።

ማስተካከሉ ቀላል ነው፤ ቅደም ተከተሉን ብቻ ይጠብቁ። ስክሪኑ ግርጌ በስተቀኝ፣ ሰዓቱ የሚታይበት ላይ የማውሱን ቀኝ ቁልፍ ይጫኑና «አጀስት ዴት/ታይም» የሚለውን ይምረጡ። መጀመሪያ «ታይም ዞን» የሚለው ላይ ናይሮቢ መመረጡን ይዩ፤ ዊንዶውስ ዝርዝሩ ውስጥ አዲስ አበባን አላስገባም፣ የናይሮቢ ሰዓት ግን ከኛው ጋር አንድ ነው፤ ሁለታችንም ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት 3 ሰዓት እንቀድማለን። ቀጥለው «ሴት ታይም ኦቶማቲካሊ» የሚለው በርቶ ከሆነ ለጊዜው ያጥፉት፤ ከዚያ «ቼንጅ» የሚለውን ተጭነው ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን በፈረንጆቹ ይሙሉ።

ለዚህም ቢሆን ያው የግድግዳ ካላንደርዎ ያገለግልዎታል። አገር ውስጥ የሚታተሙት ካላንደሮች አብዛኞቹ ከእያንዳንዱ ቀን ጎን የፈረንጁን ቀን በትንሽ ቁጥር ይጽፋሉ። ዛሬ መጋቢት 10 ቀን 2018 ነው እንበል፤ ኮምፒውተሩ ላይ የሚሞላው ማርች 19 ቀን 2026 ነው። ዓመቱን ሲቀይሩ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ድረስ በኛው ላይ 7 ይጨምሩ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ነው የሚጨመረው። ሰዓቱንም እንዲሁ፦ ጠዋት 3 ሰዓት ከሆነ 9 ኤኤም፣ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ከሆነ 3 ፒኤም ብለው ይሙሉ። ብዙ ሰው ኮምፒውተሩን በሀገራችን ሰዓት ይሞላዋል። የ6 ሰዓት ልዩነት ገጽ እንዳይከፈት አያደርግም ይሆናል፤ በየ30 ሴኮንዱ የሚቀያየር የመግቢያ ኮድ በዚያ ኮምፒውተር የሚያወጣ ሰው ግን ኮዱ ሁልጊዜ «ስህተት ነው» ይባልበታል።

ቀኑን በእጅዎ ካስተካከሉ በኋላ «ሴት ታይም ኦቶማቲካሊ» የሚለውን መልሰው ያብሩና «ሲንክ ናው» የሚለውን ይጫኑ። ቅደም ተከተሉን ጠብቁ ያልኩት በዚህ ምክንያት ነው። ዊንዶውስ ሰዓቱን ከኢንተርኔት ወስዶ ራሱ ማስተካከል ይችላል፤ ነገር ግን የቤት ኮምፒውተር ላይ ልዩነቱ ከ15 ሰዓት በላይ ከሆነ ለውጡ በጣም ትልቅ ነው ብሎ አይቀበለውም። ብዙ ሰው በቀጥታ «ሲንክ ናው» ተጭኖ አልሆን ሲለው ተስፋ ቆርጦ የሚተወው ለዚህ ነው። መጀመሪያ እርስዎ ወደ ትክክለኛው ቀን ያስጠጉታል፣ የቀረውን ደቂቃና ሴኮንድ እሱ ያስተካክላል። ሲጨርሱ ክሮምን ዘግተው ይክፈቱት፤ ጉግል ይከፈታል።

ይህን ብቻ ነግሬዎት ባቆም ግን መብራት በጠፋ ቁጥር ወደዚሁ ይመለሳሉ። ዋናው ጥፋት ያለው ያ ኤፍ 1 ከሚለው ጥቁር ስክሪን ጋር ነው። ኮምፒውተሩ ማዘርቦርድ (ውስጥ ያለው ዋናው ሰሌዳ) ላይ የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ አለች፤ ሲአር 2032 ትባላለች፣ 3 ቮልት ናት። ሥራዋ መብራት በሌለበት ጊዜ ሰዓቱን ማስቆጠር ነው። ኮምፒውተሩ ሶኬት ላይ እስካለ ድረስ ሰዓቱ የሚቆጥረው በመብራቱ ስለሆነ ባትሪዋ ለዓመታት ትቆያለች። መብራት በሚመላለስበት ሰፈር፣ ወይም ማታ ማታ ዲቫይደሩን ከግድግዳ የመንቀል ልማድ ባለበት ቤት ግን ቶሎ ታልቃለች። መንቀሉን አልነቅፍም፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ ዕቃ ስለሚያቃጥል ተገቢ ጥንቃቄ ነው። ባትሪዋ ስታልቅ ኮምፒውተሩ ቀኑን ይረሳና ወደ ድሮ ዓመት ይመለሳል፤ ሲበራም ጥቁሩ ስክሪን ላይ ስለ «ሲሞስ» ወይም ስለ «ዴት/ታይም» የሚናገር መስመር አውጥቶ ኤፍ 1 ካልተጫነልኝ አልቀጥልም ይላል። ቀኑን ተዛብቶ ያገኙት ለዚህ ነው።

ባትሪዋ ውድ አይደለችም። ኤሌክትሮኒክስ ቤት ወይም የእጅ ሰዓት ጠጋኞች ዘንድ ይጠይቁ፤ በመኪና ሪሞት ቁልፍ ውስጥ የምትገባውም ብዙ ጊዜ ይህችው ናት። አሮጌዋን አውጥተው ይዘው ቢሄዱ ከመሳሳት ይድናሉ። ለመቀየር ኮምፒውተሩን ያጥፉ፣ ገመዱን ከግድግዳ ይንቀሉ፣ ከዚያ ማብሪያውን ጥቂት ሴኮንድ ተጭነው ይልቀቁ፤ ውስጥ የቀረ ኤሌክትሪክ ካለ ይወጣል። የጎኑን ክዳን የያዙትን ብሎኖች በካቻቢቴ ይፍቱ። ምንም ከመንካትዎ በፊት የኮምፒውተሩን የብረት አካል አንዴ በእጅዎ ይንኩ፤ ከሰውነት የሚወጣ ስታቲክ ኤሌክትሪክ ማዘርቦርዱን እንዳይጎዳው ነው። ባትሪዋ ጽሑፍ ያለበት፣ የመደመር ምልክት የተቀረጸበት ፊቷ ወደ እርስዎ ሆኖ ታገኟታላችሁ፤ ከማውጣታችሁ በፊት የልጅ ልጅዎ በስልኩ ፎቶ ያንሳት። ጎኗ ላይ ያለችውን ትንሽ የብረት መያዣ በጥፍር ገፋ ሲያደርጓት ባትሪዋ ብድግ ትላለች። አዲሷ በዚያው አቅጣጫ ጫን ስትባል ቀጭ ብላ ትገባለች። ፎቶውና ጽሑፉ ያሉት ዲስኩ ላይ ስለሆነ ባትሪዋ ብትወጣ አይነካቸውም። ኮምፒውተሩ እንደገና ሲበራ ያው ጥቁር ስክሪን ለመጨረሻ ጊዜ ሊመጣ ይችላል፤ ቀኑን በፈረንጆቹ ሞልተው ያስቀምጡ። ክዳን መክፈት ካልደፈሩ ባለሙያ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይቀይርልዎታል። ላፕቶፕ ያላችሁ አንባቢዎች ግን ባለሙያ ጋ ውሰዱት፤ የላፕቶፕ የሰዓት ባትሪ ብዙ ጊዜ በሽቦ የተያያዘ ነው፣ አንዳንዱም ከናካቴው የለውም።

የ2 ዓመት ሕፃን ቤት ስላለ አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርዎ። የወጣችውንም የተገዛችውንም ባትሪ ጠረጴዛ ላይ ጥለው ዞር እንዳይሉ። ይህች ባትሪ በሕፃን ጉሮሮ ከገባች መጠኗ የሚያስቀራት እዚያው ነው፤ ያለቀች ብትሆንም የቀረው ኃይል ከምራቅ ጋር ሲገናኝ በ2 ሰዓት ውስጥ ጉሮሮን በጽኑ ያቃጥላል፣ ሕይወትም ያጠፋል። ልጁ ውጧት ይሆናል ብለው ከጠረጠሩ ምልክት አይጠብቁ፣ እንዲያስታውከውም አይሞክሩ፤ በዚያው ደቂቃ ሆስፒታል ይውሰዱት፣ ባትሪ እንደሆነም ለሐኪሙ ይንገሩ። አሮጌዋን በፕላስተር ጠቅልለው ልጁ ከማይደርስበት ያስቀምጡ።

አሁን ደግሞ ደብዳቤዎን አንብበው «የኔም እንዲሁ ነው፣ ቀኑ ግን ትክክል ነው» ለሚሉ አንባቢዎች። ቴሌግራም እየሠራ ብራውዘር እምቢ የሚልባቸው ሌሎች ሁለት ምክንያቶች አሉ፤ ሁለቱም በብዙ ቤት የሚገኙ ናቸው።

አንደኛው ቪፒኤን (የተዘጋ ገጽ የሚያስከፍት ፕሮግራም) ትቶት የሄደው ፕሮክሲ፣ ማለትም ገጽ በሌላ በኩል ዞሮ እንዲመጣ የሚያደርግ ሴቲንግ ነው። በፈረንጆቹ 2023 ቴሌግራም፣ ፌስቡክና ቲክቶክ ለወራት ተዘግተው በነበረ ጊዜ ቪፒኤን ያልጫነ ኮምፒውተር ጥቂት ነው። አንዳንዶቹ ፕሮግራሞች ሲበሩ ዊንዶውስን «ገጽ ስትፈልግ በኔ በኩል እለፍ» ብለው ያዙታል፤ በሥርዓት ሲዘጉ ትእዛዙን ያነሱታል። መብራት ድንገት ሲጠፋ ግን ትእዛዙ ሳይነሳ ይቀራል፤ ክሮም ወደሌለ በር ይላካል። ስክሪኑ ላይ «ፕሮክሲ» የሚል ቃል ካያችሁ ነገሩ ይኸው ነው። ሴቲንግ ውስጥ «ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት»፣ ከዚያ «ፕሮክሲ» ግቡ፤ «ዩዝ ኤ ፕሮክሲ ሰርቨር» የሚለው በርቶ 127.0.0.1 የሚል አድራሻ ካለበት አጥፉት። ከዚያ በላይ ሥራ የለውም። የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ከሆነ ግን ፕሮክሲው ሆን ተብሎ የገባ ሊሆን ስለሚችል የአይቲ ክፍሉን ሳትጠይቁ አትንኩት።

ሁለተኛው ዲኤንኤስ ነው። እኛ ገጽ የምንጠራው በስም ነው፤ ኮምፒውተሮች ግን የሚገናኙት በቁጥር ስለሆነ ስሙን ወደ ቁጥር የሚቀይር ሰርቨር ያስፈልጋል። እሱ ሳይመልስ ሲቀር መስመሩ ደህና እያለ አንድም ገጽ አይከፈትም። ቴሌግራም የሰርቨሮቹን ቁጥር ከራሱ ጋር ይዞ ስለሚዞር አይደናቀፍም። ስክሪኑ ላይ «ዲኤንኤስ ፕሮብ» ብሎ የሚጀምር ኮድ ይወጣል። ለማረጋገጥ ኮማንድ ፕሮምትን (ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት) ክፈቱና በእንግሊዝኛ ፊደል ፒንግ ብላችሁ፣ ክፍተት ሰጥታችሁ 8.8.8.8 ጻፉ። መልስ እየመጣ ገጽ ካልተከፈተ ጥፋቱ የዲኤንኤስ ሳይሆን አይቀርም። መጀመሪያ ራውተሩን አጥፍታችሁ አብሩት፤ ብዙ ጊዜ ይበቃዋል። ካልሆነ የኔትወርኩ ሴቲንግ ውስጥ የዲኤንኤሱን አድራሻ 8.8.8.8 ወይም 1.1.1.1 አድርጉት፤ የመጀመሪያው የጉግል፣ ሁለተኛው የክላውድፍሌር ነው።

ወደ እርስዎ ልመለስ። ምናልባት አንድ ሰው «አድቫንስድ የሚለውን ተጭነሽ ዝም ብለሽ ግቢ» ይልዎት ይሆናል። አይግቡ። የእርስዎ ማስጠንቀቂያ ከሰዓት የመጣ ቢሆንም፣ ይህን የመሰለ ገጽ ሌላ ቀን በእውነት አታላይ ድረ ገጽ ሲገጥምዎትም የሚመጣ ነው። ማስጠንቀቂያን እየዘለሉ መግባት የለመደ እጅ የባንክ የይለፍ ቃሉን በተሳሳተ ቦታ የሚጽፍበት ቀን ይመጣል። ቀንዎ ትክክል ሆኖ ማስጠንቀቂያው ከመጣ ክሮምን ይመኑት፣ ገጹን ይተዉት።

ባለሙያውን በክፉ አላነሳውም፤ ቫይረስ የሚያስቸግራቸው ኮምፒውተሮች ብዙ ስለሆኑ አስተያየቱ ከልምድ የመጣ ይሆናል። ነገር ግን ከእንግዲህ ማንም «ፎርማት» ሲልዎት «ምን አይተህ ነው? ስክሪኑ ላይ የተጻፈው ምን ይላል?» ብለው ይጠይቁት፤ መልስ ያለው ባለሙያ በዚህ አይቀየምም። ፎርማት ቢደረግም እኮ ባትሪዋ ያው ባለቀችበት ናት። በመጀመሪያው የመብራት መጥፋት ቀኑ ይዛባና፣ ፎቶዎቹን ካጡ በኋላ ያው ጽሑፍ ይመጣል።

ፎቶዎቹን በተመለከተ እስከዚህ ሳምንት መጨረሻ ድረስ አንድ ሥራ ይሥሩልኝ። ኮምፒውተሩ ያገለገለ ነው፣ ዲስኩም አብሮት አርጅቷል፤ ዲስክ ደግሞ ሳያስጠነቅቅ ሊሞት ይችላል። የባለቤትዎን ፎቶዎችና ጽሑፍዎን ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ይገልብጧቸውና እሱን ከኮምፒውተሩ ነቅለው ሌላ ቦታ ያስቀምጡት። ሁለተኛ ቅጂ ለልጅዎ ጀርመን ይላኩላት። በቴሌግራም ሲልኩ «እንደ ፋይል» ብለው ይላኩ፤ እንደ ፎቶ ከላኩት ጥራቱን ይቀንሰዋል።

ዊንዶውስ 10ን በተመለከተ፣ ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ኮምፒውተሩ መሥራቱን ይቀጥላል፣ ክሮምም ይከፈታል፤ ለተጨማሪው የደኅንነት ማደሻ ካልተመዘገበ ግን አዲስ የሚገኙ ቀዳዳዎች አይደፈኑለትም። ለጥናትና ለመጻጻፍ ይበቃዎታል። የባንክ ሥራዎን ግን ማደሻ በሚያገኝ ስልክ ላይ ቢያደርጉት ይሻላል። ልጅዎ ወደፊት ሌላ ልግዛልሽ ካለ ዊንዶውስ 11 የሚቀበል መሆኑን አስቀድሞ ያጣራ፤ ያገለገሉ ተብለው ከሚሸጡት ብዙዎቹ አይቀበሉም።

ቀኑን አስተካክለው፣ ባትሪዋን ቀይረው ክሮም አሁንም እምቢ ካለ፣ ግርጌው ላይ በግራጫ ቀለም የተጻፈውን ኮድ ፊደል ሳያስቀሩ ገልብጠው ይላኩልኝ። ከዚያ ኮድ እንነሳለን።